አጭር ጥያቄ

የሬዲዮ ጋዜጠኛዋን የመዓዛ ብሩን ጥያቄዎች ከቃለ መጠይቁ ነቅሶ አውጥቶ ለብቻቸው የሰማ ሰው ምንም አያገኝባቸውም። የት ተወለዱ? አባትዎ ሥራቸው ምን ነበር? ትምህርት ቤቱ ከቤት ይርቃል? ከዚያስ? እሺ። ማን ነገረዎት? ይኸው ነው። የጠያቂውን ንባብ የሚያሳይ መግቢያ የለም፤ ሦስት ቦታ ተሰባብሮ መጨረሻው ላይ «በዚህ ላይ ያለዎት አስተያየት ምንድን ነው?» የሚል ጭራ የሚያወጣ ጥያቄም የለም። እነዚያኑ ጥያቄዎች ወደ ቦታቸው መልሶ፣ እንግዳው ከተናገረው ቀጥሎ ሲሰማቸው ግን ሽማግሌው ለልጆቻቸው እንኳ ያላወሩትን ያስወሯቸው እነዚህ ጥቃቅን ጥያቄዎች መሆናቸውን ያያል።

መዓዛ የምትጠይቅበት «የጨዋታ እንግዳ» በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የሳምንቱ መጨረሻ ዝግጅት ነው። ጣቢያው አየር ላይ የዋለው በ2000 ዓ.ም. ነው። የግል ብሮድካስት በአዋጅ ቁጥር 178/1991 ከተፈቀደ በኋላ ጣቢያዎቹ ከወረቀት ወጥተው እስኪሰሙ ድረስ ስምንት ዘጠኝ ዓመት መጠበቅ ግድ ሆኗል። መሥራቿ መዓዛ ግን ያን ጊዜ ለማይክ አዲስ አልነበረችም፤ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የሠራች ናት። ያ ቤት ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር» ልቦለድን ሲተርክበት ሰው ሥራውን ጥሎ ሬዲዮ ሥር የተቀመጠበት ቤት ነው። እዚያ የሠለጠነ ጆሮ፣ ምስል የሌለው ድምፅ ብቻውን ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል ያውቃል።

ዝግጅቱ እኛ ዘንድ፣ አዳሚ ቱሉና አካባቢዋ፣ የሚደርሰው ዞሮ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ እንደ መካከለኛው ሞገድ ምድር ለምድር እየተሳበ አይሄድም፤ የማሰራጫው አንቴና ባየው ልክ ነው የሚደርሰው። አዲስ አበባ ደጋው ላይ ናት፤ እኛ አጠገብ ያለው የዝዋይ ሐይቅ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,636 ሜትር ላይ፣ ስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ተኝቷል። ዋና ከተማዋን ወደ ኋላ ትቶ የሚወርድ አይሱዙ ውስጥ ያለ ሬዲዮ እየደከመ፣ እየተንሻሸ ይመጣል። ስለዚህ እዚህ «የጨዋታ እንግዳ» የሚሰማው ከስልክ ነው፤ አንዱ ባቱ ከተማ ሄዶ ኔትወርክ ጠንከር ሲል ያወርደዋል፣ ሌላው ከእሱ ይወስዳል፣ ሜሞሪ የሚጭን ሱቅ ደግሞ ከዘፈኑ ጋር ያጭቀዋል። ሽንኩርቱን ሌሊት ውሃ የሚያጠጣው ልጅ ሞተሩ እስኪቆም ድረስ የሚያዳምጠው ቃለ መጠይቅ አንዳንዴ ከተሰራጨ ዓመት ያለፈው ነው።

ዘግይቶ መስማት ደግሞ የሥራን ጥራት ይለያል። የወቅታዊ ጉዳይ ክርክርን ከመንፈቅ በኋላ አውርዳችሁ ስሙት፤ ሚኒስትሩ ተነስቷል፣ ኮሚቴው ተበትኗል፣ የዶላሩ ምንዛሬ ሌላ ሆኗል፣ ተከራካሪዎቹ የተሟገቱበት ቁጥር ማንንም አያንገበግብም። ከእነ መዓዛ ወገን የሆነው ጨዋታ ግን እንደ ነበረ ነው። ለምን ሳይበላሽ እንደሚቆይ ብዙ ጊዜ ሳስብ ቆይቻለሁ፤ ምክንያቱ የእንግዶቹ ታላቅነት አይመስለኝም። ታላላቅ ሰዎችን አቅርበው ባዶ ሰዓት የሞሉ ዝግጅቶች ሞልተዋል። ምክንያቱ ጥያቄው የሚነሳበት ቦታ ነው።

ከትውልድ ቦታና ከልጅነት መጀመሩን ብዙ ሰው የጨዋነት ወግ፣ እንግዳውን ማሟሟቂያ አድርጎ ይወስደዋል። እኔ ግን የማስረጃ አሰባሰብ ነው እላለሁ። ሰው አስተያየቱን ሲጠየቅ አዘጋጅቶ የቆየውን ያወጣል፤ ያደገበትን ቤት ሲጠየቅ ያየውን ነው የሚናገረው። አንድ የቀድሞ ባለሥልጣን ስለ የካቲት 25 ቀን 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ይናገሩ ቢባሉ መፈክሩን ወይም የመፈክሩን ተቃራኒ ይሰጣሉ። ከዚያ በፊት ባለፈው ሳምንት ክፍል ላይ አባታቸው ጭሰኛ ይሁኑ ባለ ርስት፣ እህሉ ለማን ጎተራ ይገባ እንደነበር ከራሳቸው አፍ ሰምተን ከሆነ ግን ስለ አዋጁ የሚሉትን በዚያ እንመዝነዋለን። ጠያቂዋ «ይህ እኮ ከአስተዳደግዎ የመጣ አቋም ነው» ብላ አንድ ቃል መተንፈስ አያስፈልጋትም። ፍርዱን አድማጩ ራሱ ያወጣዋል። አንድ ሰው በሁለት፣ በሦስት፣ ከዚያም በበለጠ ክፍል የሚቀርብበት ምክንያት ይኸው ነው፤ የመጀመሪያው ክፍል የኋለኛው ማመሳከሪያ ነው።

እስቲ ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። እንበልና እንግዳው፣ ዕድሜ የጠገቡ ሰው፣ በመሐል «ያን ጊዜ ነው አባቴን የወሰዷቸው» አሉ። ማይኩ ፊት ለተቀመጠ ጋዜጠኛ ሦስት መንገድ ክፍት ነው። አንዱ «በጣም ያሳዝናል» ማለት ነው፤ ይህ ጨዋነት ነው፣ በሩን ግን ይዘጋዋል፤ ለሐዘን መግለጫ መልሱ «አዎ፣ ምን ይደረጋል» ብቻ ነውና። ሁለተኛው «በወቅቱ ምን ተሰማዎት?» ነው። ይህንን ከቴሌቪዥን ነው የተማርነው፤ እንግዳው ስሜታቸውን በአንድ ቃል ሰይመው ያርፋሉ፣ አድማጩም ከዚያ ቃል ሌላ የሚይዘው የለውም። ሦስተኛው «ቀን ነበር ማታ?» ነው። ሦስት ቃል። እንግዳው ለመመለስ ወደዚያ ቀን መመለስ አለባቸው። «ቀን ነው… ምሳ ቀርቦ ነበር።» ምሳ ከቀረበ ገበታው ዙሪያ ሰው አለ፤ ማን ነበር? እናት ምን አሉ? የመጡትን ሰዎች ያውቋቸዋል? ከዚህ በኋላ ጠያቂዋ የምትሠራው ጥቂት ነው፤ ሰውየው ራሳቸው ቤቱን ክፍል በክፍል እየከፈቱ ይሄዳሉ። ይህች ሦስተኛዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች እንጂ ሰው በስንት ዓመት የሚያገኛት ናት፤ ምክንያቱም ጠያቂው የራሱን ርኅራኄ ለማሳየት ያለውን ፍላጎት ዋጥ ማድረግ አለበት።

ሌላው ዝምታ ነው። ሬዲዮ ላይ ሁለት ሰከንድ ዝም ሲባል ቴክኒሻኑ የመስመሩን ገመድ ማየት ይጀምራል። ልምድ የሌለው አቅራቢም ይደነግጥና ያችን ክፍተት በራሱ ድምፅ ይሞላታል፤ ብዙውን ጊዜ የሚሞላትም እንግዳው ሊሉት የነበረውን ገምቶ በመናገር ነው። እንግዳው «ልክ ነው» ብለው ይስማማሉ፤ እኛም የሰውየውን ቃል ሳይሆን የአቅራቢውን ግምት ሰምተን እንቀራለን። ደኅና ባለሙያ ዝም ይላል። እንዲያውም በዚያ ዝምታ ውስጥ «እም» የምትል ዝቅ ያለች ድምፅ ብቻ ያስገባል፤ አለሁ፣ እየሰማሁ ነው ለማለት። አርትዖት የሚሠራው ልጅም ሥራውን ካወቀ ይህችን «እም» አይቆርጣትም፤ ንግግር ከመጀመሩ በፊት የሚሳበውን ትንፋሽም አይነካም። ትንፋሹ የወጣለት ንግግር ሲሰማ ንጹሕ ነው፣ ግን ጆሮ ሳያውቀው ይደክመዋል።

የማይክ አያያዙም የራሱ ጥበብ አለው። «ፈ» እና «ፐ» ሲጠሩ ከከንፈር የሚወጣው አየር ማይኩን ፊት ለፊት ከመታው «ቡፍ» የሚል ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ ማይኩ ከአፍ ጎን ዘወር ተደርጎ፣ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ይቀመጣል። መቼም ፖለቲካ፣ ፓርቲ፣ ፓርላማ፣ ፖሊሲ፣ ፕሮግራም የሚሉት ሁሉ በ«ፐ» ዘር ፊደል መጀመራቸው ለድምፅ ባለሙያው የተላከ ፈተና ሳይሆን አይቀርም። ስለ ልጅነቱ የሚያወራ ሰው ማይኩን አያስቸግርም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በአማርኛ ታላቅን ሰው መሞገት ነው። «እርስዎ» እያሉ፣ ድምፅ ሳያነሱ፣ «ይህ ግን ልክ አይደለም» ማለት እንዴት ይቻላል? መዓዛ የምታደርገው ክርክሩን ከራሷ ላይ ማውረድ ነው፤ ነገሩን በሌላ ሰው አፍ፣ በሌላ መጽሐፍ፣ ሰው ሁሉ በሚያወራው በኩል ታመጣዋለች፤ ብዙ ጊዜም በሳቅ ታለዝበዋለች። እንግዳው ክብራቸው ሳይነካ መልስ መስጠት ይችላሉ፣ አለመስጠታቸውም ይሰማል። እዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም አልልም። ይሉኝታው አንዳንዴ ከልክ ያልፋል፤ ሥልጣን ላይ የነበረ ሰው በገዛ ትረካው ሁልጊዜ ደጉን ሆኖ ሲወጣ፣ አንድ ጠንከር ያለ «ለምን?» ጠብቄ የቀረሁበት ጊዜ አለ። ግን ከሚጮኸው ጠያቂ ይልቅ ከዚህኛው ዘንድ ብዙ ነገር ተቀድቶ መቅረቱን አምናለሁ። እንግዶቹ ስለተናገሩት የሚከሰሱበትም፣ የሚመሰገኑበትም ቃል እዚያው አለ።

የሸገር ሌላው ዝግጅት «ሸገር ካፌ» የፍልስፍና መምህሩን ዶክተር ዳኛቸው አሰፋን የመሳሰሉ ምሁራንን አስቀምጦ በሐሳብ ላይ የሚያወያይ ነው። ዛሚ ኤፍ ኤም 90.7 ደግሞ «የጋዜጠኞች ክብ ጠረጴዛ» የሚል የወቅታዊ ጉዳይ ውይይት ነበረው፤ እዚያ አቅራቢዎቹ ራሳቸው ተከራካሪ ነበሩ። ሁለቱም የተለየ ሙያ ነው፣ በአንድ ሚዛን አላስቀምጣቸውም። ስልክ የሚቀበል ዝግጅት ግን ሊነሳ ይገባዋል፤ ምክንያቱም እዚያ ባለሙያው እንግዳውን አልመረጠም። «ሄሎ… ሄሎ… ይሰማል?» የሚል ድምፅ ከነማሚቶው ይገባል፤ ደዋዩ አጠገቡ ያለው ሬዲዮ የገዛ ድምፁን እየመለሰ ወደ ስልኩ ይከተዋልና። «የሬዲዮዎን ድምፅ ቀነስ ያድርጉልን» የምትለው ዓረፍተ ነገር በአገራችን ሬዲዮ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ጊዜ የተነገረች ሳትሆን አትቀርም። አቅራቢው እሷን በምን ድምፅ እንደሚላት አስተውሉ። ቸኩሎ፣ ተቆጥቶ ያላት አቅራቢ ከደዋዩ ቀጥሎ የሚያገኘው ሁለት የፈራ ዓረፍተ ነገር ነው። ረጋ ብሎ፣ «ከየት ነው የደወሉልን?» ብሎ ጨምሮ ያላት ደግሞ ሰውየው ሬዲዮውን ቀንሶ፣ ወደ ጥላ ተጠግቶ፣ ተደላድሎ እንዲናገር ያደርገዋል።

በስምጥ ሸለቆው ከተሞች ደግሞ ሥራው በሁለት ቋንቋ ነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ቴክሰን ሬዲዮ አንዴ መቀመጫውን አዳማ ያደረገውን የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ ያሰማል፣ አንዴ አማርኛውን፤ ደንበኛው በአንደኛው የሰማውን በሌላኛው ይከራከርበታል። በአማርኛ እየተናገሩ ዋናው ነገር ላይ ሲደርሱ ወደ አፋን ኦሮሞ የሚሻገሩ ሽማግሌ ሲገጥሙት፣ ጥሩ አቅራቢ አያቋርጣቸውም። «ኦቦ» ብሎ እንደ አገሩ እየጠራቸው ያስጨርሳቸዋል፤ ከዚያ ለማያውቀው አድማጭ ሲል አንዲት ጥያቄ ጣል ያደርጋል፣ እሳቸውም ራሳቸው በአማርኛ ይደግሙታል። የተረጎመው አቅራቢው ቢሆን ነገሩ ያጥር ነበር፤ እሳቸው ሲደግሙት ይሰፋል።

ይህ የመጠየቅ ሙያ ሬዲዮ ያመጣው አይደለም። ከአዳማ በአዋሽ በኩል ወደ ታች ከተወረደ አፋሮች ዘንድ ዳጉ አለ። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ይቆማሉ፣ ይቀመጣሉ፤ ያየውንና የሰማውን አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ያዳምጣል፣ ከዚያ ይጠይቃል፣ ተራውም ይዞራል። ያየውን ከሰማው፣ የሰማውንም ከማን እንደሰማው ለይቶ መናገር ግዴታው ነው፤ የዋሸ ሰው ቃሉ ዋጋ ያጣል። ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ ከብት በስንት ዋጋ ወጣ፣ ማን ከማን ተጋጨ፤ ወቅታዊ ጉዳይ፣ ንግድና ባህል በአንድ መቀመጫ ያልቃሉ። አንድም ሰው «በዘርፉ ያሉ ተግዳሮቶች» አይልም።

እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። የሕይወት ታሪክ ጨዋታችን እዚህ ደረጃ ላይ ደርሶ ሳለ የንግድ ዝግጅቶቻችን ከአውደ ጥናት አዳራሽ የወጡ ናቸው። ስለ አትክልት ግብይት የሚያወሩትን ስሙ። «የባለድርሻ አካላት ቅንጅት»፣ «የእሴት ሰንሰለት»፣ «የገበያ ትስስር»። የተጠየቀው የቢሮ ኃላፊ ነው፤ ጥያቄውም በቢሮ ኃላፊው ቋንቋ ነው። መቂና ባቱ መሐል ያለ ማሳ ላይ ግን ነገሩ በጣም የሚያጓጓ ታሪክ ነው። መሬቱ የአንዱ ነው፣ ሞተሩና ነዳጁ የሌላው፣ ጉልበቱ የሦስተኛው፤ ቲማቲሙ ሲደርስ ለእኩል ነው ለሲሶ የሚለውን አስቀድመው ተነጋግረውበታል። ከዚያ ደላላው ይመጣል። ገበሬው የአዲስ አበባን አትክልት ተራ ዋጋ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከዚሁ ደላላ አፍ ነው፤ ዋጋውን የሚነግረውና ዋጋውን የሚቆርጠው አንድ ሰው ነው ማለት ነው። ቲማቲም ደግሞ እንደ ቦሎቄ መጋዘን ገብቶ ቀን አይጠብቅም፤ አይሱዙው ማታ ካልተነሳ ነገ ሳጥኑ ሥር ውሃ ነው።

ይህን ገበሬ አንድ ጋዜጠኛ «የግብይት ሥርዓቱን እንዴት ይገመግሙታል?» ቢለው ከበላይ የሰማውን ይመልስለታል። «ትናንት ሳጥኑን በስንት ሰጠህ? ዋጋውን መጀመሪያ ማን ጠራው? አንተ ስንት አሰብክ ነበር? የማዳበሪያውን ብር ማን አበደረህ?» ቢለው ግን የአገሪቱን የአትክልት ንግድ ከነአጥንቱ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ የቢሮ ኃላፊውን ማምጣት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ኃላፊው የሚመልሰው ለጋዜጠኛው ሳይሆን ለሳጥኑ ዋጋ ነው። የባቱን የአበባ እርሻ ሠራተኛ፣ የሐይቁን ዓሣ አጥማጅ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ዱሮ በየትኛው ወር ይበዛ እንደነበር የሚያውቀውን የሐይቁን ደሴት ሰው፣ የዛይ ሽማግሌ፣ እንደዚሁ መጠየቅ ይቻላል።

ይህ ሊሆን የማይችል አይደለም፤ በሌላ አገር ተሠርቶ ታይቷል። ስተድስ ተርክል የሚባል የቺካጎ ሰው ደብሊው ኤፍ ኤም ቲ በሚባል ጣቢያ ከእ.ኤ.አ. 1952 እስከ 1997፣ 45 ዓመት፣ ሰው እያቀረበ ተጫውቷል። ጸሐፊም ሙዚቀኛም አቅርቧል፤ ስሙን ያስጠራው ግን ቴፑን ይዞ ወደ ሠራተኛው መሄዱ ነው። አስተናጋጇን፣ መቃብር ቆፋሪውን፣ ብረት ሠሪውን ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ ጠይቆ በእ.ኤ.አ. 1974 ያሳተመው መጽሐፍ ዛሬም የአሜሪካን ኢኮኖሚ ለማወቅ ከሚነበቡት አንዱ ነው። ጥያቄዎቹ አጫጭር ነበሩ።

አዳማ ላይ ኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ አለ፣ ሻሸመኔ ላይ ፋና ኤፍ ኤም ጣቢያ አለው፤ ከሁለቱም ወደ አዳሚ ቱሉ አስፋልት ነው። አቅራቢዎቹን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በወር አንዴ ከስቱዲዮ ውጡ፤ ስሙ በጋዜጣ ወጥቶ የማያውቅ አንድ ሰው ምረጡና ከተወለደበት ጀምራችሁ ሁለት ሰዓት አስቀምጡት፤ «ተግዳሮት» የምትለዋን ቃል ለዚያ ቀን ተዉአት፤ የቀዳችሁትንም ሳትሰርዙ፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ አስቀምጡ። እዚህ ያለው አድማጭ ዓመት ዘግይቶም ቢሆን ሜሞሪ ላይ ጭኖ ይሰማዋል።